ዝም ያለውን ሰውዬ ያናገርኩበት ቀን

የወረታው ቪዲዮ ቤት ዛሬ የሩዝ መጋዘን ነው። አግዳሚዎቹ ተሸጠዋል፤ መስኮቶቹን የጋረድንበት ማዳበሪያ ተገፎ ብርሃን ገብቶበታል፤ ነጩን ሸራ የወጠርንበት ግድግዳ ሥር ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ቁልፉን ለአዲሱ ተከራይ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ፊልሙን በስልኩ ይዞ በሚዞርበት ዘመን፣ ከሸራው ጎን ተቀምጦ የፈረንጆቹን ንግግር በአማርኛ የሚያወራ ሰው ማን ይፈልጋል? ዕድሜዬም ሄዷል፤ ድምፄም ሻክሯል። ሥራዬ ግን ይኸው ነበር። እስካሁን ድረስ በመንገድ ላይ “አበጀ ተርጓሚው” እያሉ ይጠሩኛል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት መምህር ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ከተረጎምኳቸው ፊልሞች ምርጡ የትኛው፣ ደካማውስ የትኛው እንደነበር ጠየቀኝ። ሁለት ፊልም እንድነግረው ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። እኔ የነገርኩት አንድ ነው፤ ሙታን የሚነሱበትን፣ ልጆቹ “ዞምቢ” የሚሉትን ፊልም። በዚያ ፊልም ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ የበለጠም ካየኋቸው ሁሉ የወረደም ነገር አለ ብዬ፣ አንዱንም ሌላውንም አስረዳሁት። በደብተሩ ጻፈና አመስግኖኝ ሄደ። ከዚያ ፊልም ጋር ምን እንዳገናኘኝ ግን አልነገርኩትም። እሱን እዚህ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት በቪዲዮ ቤት አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ በጤና ትምህርት መኪና ላይ ተቀጠርኩ። በየገበያው እየዞርን፣ አመሻሽ ላይ ሸራ ወጥረን ስለ ወባና ስለ ንጹሕ ውኃ የሚያስተምር ፊልም እናሳያለን፤ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ በድምፅ ማጉያ አማርኛውን እላለሁ። አለቃዬ ስንት ሰው እንዳየ የሚሞላበት ቅጽ ነበረው፤ ከቅጹ ውጪ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሥራውን ያስተማረኝ ተመልካቹ ነው። አንድ ጊዜ አንበሳሜ ገበያ ላይ፣ ሸራው ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀል ይዘው ብቅ ሲሉ የተቀመጠው ሰው በሙሉ ብድግ አለ። ቄሱ እስኪያልፉ ድረስ ቆሙ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ልጅ ነበርኩ። ሰው ሸራው ላይ ያየውን ሰው እንደ ሰው እንደሚቀበለው የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

የመኪናው ሥራ ሲቋረጥ ጋሽ እንድሪስ ቀጠሩኝ። ጋሽ እንድሪስ ወረታ ተወልደው ያደጉ ነጋዴ ነበሩ፤ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ከሱቃቸው ጀርባ ደግሞ ቪዲዮ ቤቱን ከፈቱ። ደሞዜ ከመኪናው ቢያንስም አልጸጸትም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጥርሳቸውን ሳያሳዩ የሚስቁ ሰው ነበሩ። አዲስ ፊልም ሲመጣ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ያዩታል። በማግሥቱ ድምፁን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል። በሦስተኛው ነው እኔን ከጎናቸው የሚያስቀምጡኝ። በማሳያው ዕለት ደግሞ ፊልሙን ጭራሽ አያዩም። ከፊት ጥግ ላይ፣ ጀርባቸውን ለሸራው ሰጥተው፣ የተመልካቹን ፊት ሲያዩ ይቆያሉ። ወሬ ያበዛሁ እንደሆነ የቁልፋቸውን መያዣ አግዳሚው ላይ ቀስ አድርገው ያንኳኳሉ። ያቺን ድምፅ እስካሁን እሰማታለሁ።

ትርጉም ቃል መመለስ ብቻ አይደለም። የሸራው ሰው ከንፈሩን ከመግጠሙ በፊት አረፍተ ነገሩን መጨረስ አለብህ። ማይኩን ከአገጭህ ሥር ካልያዝከው ትንፋሽህ እንደ ንፋስ ይገባል። ሴት ስትናገር ድምፅህን አታቅጥን፤ ቀስ በል እንጂ፤ ያኔ ሰው ራሱ ሴት አድርጎ ይሰማሃል። የባዕድ ስም ስለማይያዝ እኔ የአገር ስም እሰጣቸው ነበር፤ ፖሊሱ ሞላ ይሆናል፣ ሌባው ደግሞ ሌላ። ይህን ሁሉ ጋሽ እንድሪስ ፈቅደውልኛል። አንድ ነገር ብቻ ከልክለውኛል። “ፊልሙ ዝም ሲል አንተም ዝም በል” ይሉኝ ነበር፤ “ዝም ያለ ሰው የሚለው ስለጠፋው አይደለም።”

ያን ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሸፈነው። ፎገራ ላይ ውኃ መምጣቱ ብርቅ አይደለም፤ ሩዙም የሚበቅለው በዚያው ነው። ያን ጊዜ ግን ውኃው በአንድ ቀን መጣ። ጫኔ የሚባል ገበሬ ከብቶቹን ወደ ደረቅ መሬት ሊያሻግር ገብቶ በዚያው ቀረ። ከብቶቹ ወጡ፤ እሱ አልወጣም። ዘመድ ወዳጅ በታንኳ እስከ ጣና ዳር ድረስ ፈለገው። ሬሳው ስላልተገኘ ልብሱን አስቀምጠው አለቀሱለት። ጋሽ እንድሪስ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ፣ ሚስቱ አንጓች እንባ እንዳልወጣት፣ የባሏን ጋቢ ታቅፋ እንደምትውል ነገሩኝ። ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ አላውቃትም ነበር።

ፊልሙ የመጣው መስከረም ውስጥ ነው። ጋሽ እንድሪስ ከባሕር ዳር ካመጧቸው ዲቪዲዎች አንዱ ነበር። እንደ ልማዳቸው ሁለት ጊዜ ለብቻቸው አዩትና በሦስተኛው አስቀመጡኝ።

ታሪኩ በአንድ ሐይቅ ዳር ባለ መንደር ነው። የሰጠሙ ሰዎች አንድ በአንድ ከውኃው እየወጡ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ክፍል ድንቅ ነው። ማንም አይጮህም፤ የሙዚቃ ጋጋታ የለም። ውሻ ሲያላዝን፣ ባልዲ ሲንጠባጠብ፣ እርጥብ እግር ጠጠር ላይ ሲራመድ ትሰማለህ። ፍርሃቱ የሚመጣው ከጥርስና ከጥፍር ሳይሆን፣ ከውኃው የሚወጣው ሰው ማን እንደሆነ ከማወቅህ ነው። ከእኩሌታው በኋላ ግን ሌላ ሰው የሠራው ይመስላል። ተኩስ ብቻ ይሆናል። ሙታኑ ስም የላቸውም፤ እንደ አንበጣ ይመጣሉ፣ እንደ አንበጣ ይረግፋሉ። ፊታቸውን የቀቡት ነገር ጄሶ ይመስላል፤ አንዱማ ሲወድቅ አገጩ ላይ ተሰንጥቆ የገዛ ቆዳው ይታያል። ለምን እንደተነሱም የሚነግርህ የለም። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ያ ሁሉ ሰው ሲረግፍ አንድም ቀባሪ፣ አንድም አልቃሽ አለመኖሩ ነው። በኋላ አንድ የወረታ ሽማግሌ አይተውት ሲወጡ፣ እነዚህ ሰዎች እድር የላቸውም ወይ ብለው ጠይቀውኛል።

በዚያ ሁሉ ተኩስ መሐል አንድ ትዕይንት አለች። አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ሳለች በሩ ይንኳኳል። በመስኮት ስታይ ባሏ ነው፤ ከሐይቁ የወጣ፣ ውኃ ከልብሱ የሚወርድ። አይናገርም። ቆሞ በሩን ያያል። እሷ እጇን የበሩ መወርወሪያ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ መወርወሪያውን ትቆልፋለች። ትዕይንቷ ረጅም ናት፤ አንድም ቃል የለባትም። ጋሽ እንድሪስ እዚያ ስንደርስ ፊልሙን አቁመው፣ “እዚች ላይ ውኃ እንኳ አትጠጣ” አሉኝ። እኔ ባዶ ቦታ ነው የመሰለችኝ። የሚተረጎም ነገር ከሌለ የኔ ሥራ ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ።

ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ባሳየሁበት የገበያ ቀን ጋሽ እንድሪስ አልነበሩም። ታመው ባሕር ዳር ሄደው ነበር። ቤቱ ግጥም አለ። መጀመሪያ ላይ ሰው ጸጥ ብሎ ተመለከተ፤ ቀጥሎ አንዱ የጄሶውን ፊት አይቶ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። ሳቅ ሲጀምር ተርጓሚ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ይታገሠዋል ወይ ይጋልበዋል። እኔ ጋለብኩት። ለሙታኑ ቀልድ ፈጠርኩላቸው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ያን ያህል አስቄ አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ።

በዚያ ሙቀት የበሩ ትዕይንት ደረሰች። ሰውየው ቆመ፤ ቤቱ ዝም አለ። ዝም ሲሉ እኔን የተዉኝ መሰለኝና ዝምታው አስጨነቀኝ። ማይኩን አስጠግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በሰውየው ፈንታ ተናገርኩ።

“ክፈችልኝ። በርዶኛል። ከውኃ ነው የመጣሁ፤ ክፈችልኝ እንጂ።”

አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ አልሳቀም። ደግሜ አልኩት። ሴትየዋ መወርወሪያውን ስትቆልፍ ደግሞ “ጨካኝ” አልኩ፤ በዚህኛው ብዙ ሰው ሳቀ። በዚያ መሐል ከኋላ አግዳሚ አንዲት ሴት ተነሥታ ስትወጣ አየሁ። አንድ ሰው ተከተላት። ፊልሙ አስፈርቷት ነው ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ገበሬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደለበሰ ቪዲዮ ቤቱ ድረስ መጣ። መኳንንት እባላለሁ፣ የአንጓች ወንድም ነኝ አለኝ። እንደቆመ የሆነውን ነገረኝ። ሐዘኗን ትርሳ፣ ሰው መሐል ትቀመጥ ብሎ ከገበያ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ያስገባት እሱ ራሱ ነው። ፊልሙ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንጓች በሯን መዝጋት ትታለች። ጅብ ይገባል ቢሏትም አትሰማም። የአርባው ተዝካር ሲቃረብ እህሉን አታዘጋጁ ብላ ከለከለች፤ እያንኳኳ ላለ ሰው እንዴት ተዝካር ይወጣል አለች። ትናንት ደግሞ ርብ ዳር ሄዳ ስሙን እየጠራች ውኃው ውስጥ ገባች። መኳንንት ሲደርስባት ውኃው ደረቷ ላይ ነበር።

“ፊልሙን ልከስ አልመጣሁም” አለኝ በመጨረሻ። “ፈረንጆቹ ጫኔን አያውቁትም። አንተ ግን መስጠሙን ታውቅ ነበር።”

አውቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ከሳቁ በቀር ሌላ ነገር አላስታወስኩም።

ጋሽ እንድሪስ ተሽሏቸው ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ቤቱን ዘጉና ፊልሙን አስገቡ። የበሩ ትዕይንት ስትደርስ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጉት። ያኔ ነው የሰማሁት። ሴትየዋ ከቆለፈች በኋላ ግንባሯን በሩ ላይ ታሳርፋለች፤ ከእንጨቱ ማዶ የሰውየው ልብስ ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ እሷም ትንፋሽ በምታህል ድምፅ ታለቅሳለች። በዚያ ሁሉ ሬሳ መካከል ለሞተ ሰው የተለቀሰባት ቦታ እሷ ብቻ ናት። እኔ “ጨካኝ” ብዬ የጮህኩት በዚያች ልቅሶ ላይ ነው። አንጓችም ሆነች ሌላው ተመልካች አልሰማትም።

ጋሽ እንድሪስ ፊልሙን አጠፉት። ከዚያ፣ “ውሸት የሚፈታው በተነገረበት ቦታ ነው፤ አምጣት” አሉኝ።

መኳንንት መጀመሪያ እምቢ አለ፤ አንዴ ያሳበዳትን ነገር ደግማችሁ ልታሳዩዋት ነው ወይ አለ። ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ለመኑት። የነገሩትን ቃል አልሰማሁም፤ ብቻ በሦስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ ላይ፣ አንጓች ከወንድሟ ጋር መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጋቢው ትከሻዋ ላይ ነው። ከፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጥናት። ማይኩን ነቅዬ፣ ገመዱን ጠቅልዬ፣ ከአጠገቧ መሬት ላይ አኖርኩት። እንድታየው ነው።

ከመጀመሪያው ሳይሆን ከበሩ ትዕይንት ጀመርንላት። ሰውየው መጣ፣ አንኳኳ፣ ቆመ። አንጓች አፉን ነበር የምታየው። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረች።

“ምንም አላለም?”

“ምንም አላለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።”

“ክፈችልኝ አላለም?”

“አላለም፣ እህቴ። እኔ ከራሴ ፈጥሬ ነው።”

እንዲደገምላት ጠየቀች። ደገምንላት። በሁለተኛው የሰውየውን ፊት ትታ ሴትየዋን አየች። ግንባሯን በሩ ላይ ስታሳርፍ፣ ያቺ ትንሿ ልቅሶ ስትሰማ፣ አንጓች ጋቢውን አፏ ላይ አደረገችና አለቀሰች። መኳንንት ሊይዛት ሲነሣ ጋሽ እንድሪስ ክንዱን ይዘው መልሰው አስቀመጡት። ፊልሙ ወደ ተኩሱ ተመለሰ፤ የሚያየው አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ አጠፉት። በባዶው ቤት ውስጥ ስታለቅስ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

ከወጣች በኋላ መኳንንት በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ስታለቅስ ሲያያት የመጀመሪያው መሆኑን ነገረኝ። አመሰግናለሁ አላለኝም፤ ማለትም አልነበረበትም።

ተዝካሩ በቀኑ ወጣ። ጋሽ እንድሪስ አንድ በግ ላኩ። እኔ ሄጄ ከዳሱ ጫፍ ተቀመጥኩ። አንጓች በእንግዶቹ መካከል ስታልፍ አየችኝ፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አለፈች። ያ ቁጣ ይሁን ሰላምታ ለረጅም ጊዜ አላወቅሁም።

ያን ፊልም ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አሳይተነዋል፤ የሚጠይቀው ሰው አልጠፋም። ከእኩሌታው በኋላ ያለውን ተኩስ እንደወትሮው ተርጉሜዋለሁ። ለሙታኑ ግን ከዚያ ወዲያ ቃል አልሰጠሁም፤ በዚያ ፊልም ውስጥም ሆነ በሌላ። አንዳንድ ተመልካች አበጀ ሰነፈ፣ ቀልዱ አለቀበት አለ። ጋሽ እንድሪስ ጥቂት ዓመት ቆይተው አረፉ። ቤቱን ልጆቻቸው አከራዩኝና እስከ መጨረሻው ይዤው ቆየሁ። ስልኩ መጣ፤ ሰው ቀስ በቀስ ቀረ፤ በመጨረሻ በገበያ ቀን እንኳ አራት አምስት ሰው ብቻ ይመጣ ጀመር። ያን ጊዜ ዘጋሁት።

አሁን ጉልበቴን እያመመኝ በየጊዜው ዋንዛዬ ፍል ውኃ እወርዳለሁ። ባለፈው ጥር ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ ድንጋይ ላይ ለተቀመጡት ሰዎች፣ የወንዶች ወረፋ መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ፀጉሯ ሸብቷል። እኔ አላወቅኋትም።

“አንተ አበጀ ነህ” አለችኝ፤ “ድምፅህን አውቀዋለሁ።”

አንጓች ነበረች። አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ስለ ወንድሟ ጠየቅኋት፤ ደኅና ነው፣ ሩዝ መፈልፈያ ተክሏል አለችኝ። ለጋሽ እንድሪስ ነፍስ ይማር አለች። ይህን ሁሉ ዓመት ሳልናገረው የቆየሁትን ነገር ልል ስጀምር ቀደመችኝ።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለች። “በርዶኛል የሚለውን ከየት አመጣኸው?”

“ሰውየው እርጥብ ነበር። እንዲያው ከዚያ መጣልኝ።”

ራሷን ነቀነቀች። “ጫኔ ከሩዝ ማሳው ጭቃ ሲመለስ የሚላት ቃል ናት። በሩ ላይ ቆሞ፣ ክፈችልኝ በርዶኛል ይለኝ ነበር። ያንኑ ነው ያልከው።”

ይቅርታ እንድታደርግልኝ ለመንኳት። እሱን ያኔውኑ ፊልሙን ደግሜ ባየሁ ቀን ጨርሼዋለሁ አለችኝ። በተዝካሩ ቀን አንገቷን ዝቅ ያደረገችውም ለዚያ ነበር። ትንሽ ቆይታ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ከሥር ወደሚጨሰው ውኃ እያየች።

“መልኩን አልረሳሁትም። ድምፁ ግን ጠፍቶብኛል፤ ስንት ዓመት ሆነው። አሁን ክፈችልኝ ሲለኝ የምሰማው ባንተ ድምፅ ነው። ምን ላድርግ? እሱንም እንዳላጣው ብዬ ይዤዋለሁ።”

የሴቶች ተራ ደርሶ ከታች ተጠሩ። ከድንጋዩ ስትነሣ እጄን ዘረጋሁላት። ያዘችው፤ ተደግፋ ቆመችና ወደ ፍል ውኃው ወረደች።